የማሳደጊያ መብራት ከፍታ ምንድን ነው?

ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውኃ፣ ያለ አፈር፣ በቤት ውስጥ፣ በፀሐይ ፋንታ በማሳደጊያ መብራት የአትክልት ችግኝ የሚያፈላ ሰው «የመብራት ከፍታ» ሲባል ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ቁመት ሊመስለው ይችላል። የሚለካው ግን ከመብራቱ እስከ ችግኞቹ የላይኛው ቅጠል ያለው ርቀት ነው፤ በመሆኑም መብራቱ ባይነካም እንኳ ችግኙ ባደገ ቁጥር ከፍታው በራሱ ይቀንሳል።

ብርሃን በራቀ መጠን ይሳሳል። ከአንድ ትንሽ አምፖል የሚወጣው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሰፊ ፓነል (ብዙ ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ) ወይም የተደረደሩ ፍሎረሰንቶች ግን በቅርብ ርቀት እንዲህ ፈጥነው አይዳከሙም። ለመነሻ ያህል ፍሎረሰንትን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ 100 ዋት ገደማ የሚበላ የኤልኢዲ ፓነልን ደግሞ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ይቻላል።

መብራቱ ሲርቅ ግንዱ ይሰላል፣ ይዘማል፤ ሲቀርብ የላይኛው ቅጠል ይነጣል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ድሬዳዋ ላይ ግን እነዚህን ምልክቶች ማንበብ ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ በመሆኗ፣ ሙቀቱ ብቻውን ግንድ ያስረዝማል፣ ቅጠልም ይጠቀልላል። ከፍ ብላ በምትገኘው ሐረር ይህ መምታታት ያን ያህል አያስቸግርም። የእጅን ጀርባ በቅጠሉ ቁመት ላይ ይዞ መፈተሽ የተለመደ ቢሆንም፣ እጅ የሚለየው ሙቀትን እንጂ ብርሃንን አይደለም፤ እጅ የማያሞቅ ኤልኢዲ ቅጠል ሊያነጣ ይችላል። ስለዚህ በእኔ እምነት የድሬዳዋ ሰው ከፍታውን ከመነካካቱ በፊት ሰዓቱን ቢያስተካክል ይሻለዋል፦ መብራቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቢያበራ፣ ችግኙ የ15 ሰዓት ብርሃኑን በቀዝቃዛው ጊዜ ያገኛል፤ የመብራቱም ሙቀት በቀትሩ ላይ አይደመርም።

ከዚያ በኋላም ምልክቱ ካልጠፋ መብራቱን በአንድ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። የሰለለ ግንድ ተመልሶ አያጥርም (የቲማቲምን ጠለቅ አድርጎ በመትከል መደበቅ ይቻላል፣ የሰላጣን ግን አይቻልም)፤ የነጣ ቅጠልም እንደ ቀድሞው አይለመልምም። ማስተካከያው መሥራቱ የሚታወቀው ከዚያ ወዲህ በሚወጣው አዲስ ቅጠል ነው።