ቤት የተሠራ ሁሉ ለስላሳ አይደለም፦ ስለ ሻምፖ ምትክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሱቁን ሻምፖ ትተው ወደ ጓዳ የሚመለሱ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው አረፋ ሰጪ ማጽጃ በርከት ብሎ ያለበት ሻምፖ፣ በባህሪው ደረቅ የሆነውን ጥቅልል ፀጉር ቅባቱን አሟጦ ይወስድበታል። የሚያሳዝነው በምትኩ ከሚመከረው ውስጥ ከሻምፖው የሚብስ መኖሩ ነው።

«ቤኪንግ ሶዳ የምንበላው ነገር ስለሆነ አይጎዳም»

የራስ ቅል ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ነው፤ ትንሽ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ግን ከ8 በላይ ነው። በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ክፍተቱ በመቶዎች እጥፍ ነው። ፀጉር በእንዲህ ያለ ውሃ ሲነከር ያብጣል፣ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ሲያበጥሩት ይሰበራል። የገላ ሳሙናም በአብዛኛው 9 እና 10 ላይ ስለሚገኝ ከዚህ አይሻልም።

«ሎሚ ፀጉር ያጠራል»

ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ የተቧጠጠ ራስ ቅል ላይ ሲፈስ ያንገበግባል። ከዚህ የከፋው ፀሐይ ነው። ሎሚያችን ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጭማቂው ግንባርና አንገት ላይ እንዳለ ፀሐይ ከመታው ቆዳው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁረቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። አሲድ የፈለገ ሰው አንድ ማንኪያ አቼቶ በሁለት ኩባያ ውሃ አቅጥኖ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ያድርገው። ያለሰልሳል እንጂ አያጥብም።

«እንዶድ ልብስ ካነጣ ፀጉርም ያነጣል»

እንዶድ ሳፖኒን በሚባል አረፋ ሰጪ የተሞላ ነው፤ ኃይሉ ግን ቀላል አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው፣ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያነት ምርምር የጀመሩት። ቀንድ አውጣንና ዓሣን የሚገድል ነገር ወደ ዓይን ቢገባ እጅግ ያቆጣል፣ ቢዋጥም መርዝ ነው። ለልብስ ብቻ ይሁን፤ በተለይ ከልጆች ይራቅ።

«ሳፖኒን ያለው ተክል ሁሉ እንግዲህ አይሆንም»

ይሆናል፣ መምረጥ ነው። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ቁርቁራን ነው። በቆላው አገር የሚያውቁት ያውቁታል፤ በዓረብ አገራት ያላችሁ ደግሞ ሲድር በሚል ስም ቅጠሉን ተፈጭቶ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉን በጥላ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በስስ ጨርቅ መንፋት ነው። መንፋቱን አትዝለሉት፤ ካልተነፋ ስብርባሪው ጥቅልል ፀጉር ውስጥ ተሰግስጎ ማስወጣቱ አሳር ነው። ሦስት አራት ማንኪያ ዱቄት በለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ በእጅ ሲመታ ቀጠን ያለ አረፋ ያነሳል። ራስ ቅሉን በጣት ጫፍ እያሹ ቀብቶ፣ ጥቂት ቆይቶ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። አረፋው እንደ ሱቁ አይንዠቀዠቅም፤ ቆሻሻ የሚለቀው ግን በአረፋ ብዛት አይደለም። ከመጀመሪያው ጊዜ በፊት ክንድ ላይ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ አይከፋም።

«ፎረፎር ድርቀት ነው፣ ቅቤ ያጠፋዋል»

ይህ ከሁሉም በላይ ሰው ያሰቃያል። ፎረፎር በአብዛኛው የሚነሳው ማላሴዚያ ከሚባል፣ ሁላችንም ራስ ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ተያይዞ ነው፤ ምግቡም ቅባት ነው። ቅቤ ሲቀባ ፍርፋሪው ለጊዜው ይለጠፍና የጠፋ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን ቀለቡን አገኘ። ከቀናት በኋላ ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል። ቅቤን አልነቅፍም፣ ለደረቀ የፀጉር ጫፍ ግሩም ነው። ፎረፎር ያለበት ሰው ከራስ ቅሉ ያርቀው፣ ሳምንታት ካልተሻለውም ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበትን ሻምፖ ከፋርማሲ ይግዛ። እዚህ ላይ የቤቱ አያሸንፍም።

«ተልባና እሬት ሻምፖን ይተካሉ»

አይተኩም፤ ሁለቱም ማለስለሻ ናቸው። ተልባው ተፈልቶ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ትኩስ ሳለ ይጠለላል፣ ከቀዘቀዘ ጨርቅ አያልፍም። እሬቱ ሲቆረጥ የሚወጣውን ቢጫ መራራ ፈሳሽ አንጠፍጥፉት፣ ቆዳ የሚያቆጣው እሱ ነው። ከመበላሸት የሚጠብቅ ነገር ስለሌላቸው ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ከሳምንት አታሳልፏቸው፤ ሽታው ከተለወጠ ቀድሞም ይደፋ።

«የልጅ ራስ ላይ የወጣ ጭርት በነጭ ሽንኩርት ይጠፋል»

ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይደርስበትም፤ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ስስ ቆዳን ያቃጥላል። ጤና ጣቢያ ታይቶ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እስከዚያ ማበጠሪያውንና ኮፍያውን ለወንድም ለእህት አታዋሱ።