«የአምስት ዓመት ደንብ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የቀረው የሁለት ሳምንት ብቻ።

«ከዚህ በኋላስ?» አልኳት።

«ምን ይደረጋል? አምስት ዓመት መጠበቅ ነው። ቲክቶክ ላይ ሰውየው ተናግሮ የለ!»

ፓስፖርታቸውን ተቀብዬ የመግቢያ ማኅተሙን አየሁ። በግሪን ካርድ አሜሪካ ከገቡ 53 ቀናቸው ነው። ቀኑን ለምን እንደቆጠርኩ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰውየውን እኔም አይቼዋለሁ። «ሽማግሌ ወላጅ ካመጣችሁ አምስት ዓመት የጤና ኢንሹራንስ የሚባል ነገር እርሱት» ይላል። ወንድሜ፣ ደንቡስ አለ። አንተ ግን አንዱን በር አይተህ ቤቱ በሙሉ ተቆልፏል አልክ።

ሜዲኬይድ በዋናነት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ሜዲኬር ደግሞ በዋናነት 65 ለሞላው ሰው የሆነ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። ችግሩ ሁለቱም አምስት ዓመት የሚባል ነገር አላቸው። ሞክሼዎች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

የሜዲኬይዱ የመጣው ክሊንተን በኦገስት 1996 ከፈረሙት ሕግ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ባለግሪን ካርድ በፌዴራል ገንዘብ ሙሉ ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል። እዚህ ላይ ሰውየው ልክ ነው። (ድንገተኛ ሕመምን ብቻ የሚሸፍን ሜዲኬይድ ግን ይህን አይጠብቅም። አንዳንድ ስቴቶችም በራሳቸው ገንዘብ ቀድመው ያስገባሉ፣ ያላችሁበትን ጠይቁ።)

የሜዲኬሩ ሌላ ነው። 65 የሞላው፣ እሱም ሆነ የትዳር ጓደኛው አሜሪካ ያልሠሩ ሰው፣ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ በኋላ ከፍሎ ይገባል። ከፍሎ! በ2025 የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል (ፓርት ኤ) ብቻውን በወር 518 ዶላር ነበር፣ የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው (ፓርት ቢ) ደግሞ 185። «አምስት ዓመት ሲሞላ ሜዲኬር በነፃ ነው» የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የሆስፒታሉ ክፍል ነፃ የሚሆነው 10 ዓመት ያህል ሠርቶ 40 ክሬዲት (የሥራ ነጥብ) ለሞላ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ለሞላለት ነው። «እኔ 20 ዓመት ታክስ ከፍያለሁ፣ ለእናቴ አይቆጠርም?» በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ ነው። አይቆጠርም።

ዜግነትም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ስለሚጠይቅ ሦስተኛ ሞክሼ ተጨመረና ነገሩ ሁሉ ተምታታ።

አሁን መገናኛ ታክሲ ጥበቃ ቆማችኋል እንበል። ሰልፉ ዞሮ ዞሮ አያልቅም። አንዱ መጥቶ «ዛሬ ታክሲ የለም፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» ይላል። ሰልፉ እውነት ነው። ግን ከመንገዱ ማዶ ራይድ ቆሟል። ራይዱ ሰልፍ አያውቅም፣ ዋጋው ግን ይለያል። ራይዱ ማርኬትፕሌስ የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ መግዣ ገበያ ነው፣ ሰው «ኦባማ ኬር» የሚለው። ባለግሪን ካርድ በመጣ ማግስት መግዛት ይችላል። 65 ማለፉ አያግደውም፣ ሜዲኬር ውስጥ እስካልገባ ድረስ። ስኳር አለብህ ብሎ የሚመልስ ወይም ለስኳሩ የሚያስጨምር የለም፣ ሕጉ ይከለክላል። ለዕድሜ ግን ያስጨምራሉ፣ ከወጣት እስከ ሦስት እጥፍ።

ራይዱ ደግሞ ለዘላለም አይጠብቅም። ከውጭ አገር መጥቶ አሜሪካ መኖር የጀመረ ሰው 60 ቀን አለው። 60 ቀኑ ካለፈበት ምዝገባው ኖቬምበር 1 እስኪከፈት ይጠብቃል። 53 ቀን ያልኩት ለዚህ ነው።

የራይዱን ሒሳብ መንግሥት ሊጋራ ይችላል፣ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከብዷል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ምንም ገቢ የሌላት እናት፣ ሜዲኬይድ በግሪን ካርዷ ዕድሜ ምክንያት ስለከለከላት ብቻ ድጎማ የምታገኝበት መንገድ ነበር። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን ገቢው ቢያንስ የድህነት መስመሩን መድረስ አለበት። ልጅ እናቱን ታክሱ ላይ ጥገኛ አድርጎ ሲያስገባ ግን የሚታየው የሁሉም ገቢ አንድ ላይ ነው። ያ ሊያስገባም፣ ገቢው ከበዛ ሊያስወጣም ይችላል። ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው አነጋግሩ። ጥገኛ ማለት በአብዛኛው ወጪዋን ከግማሽ በላይ ስትሸፍኑ ነው፣ ስለወደዳችኋት አይደለም።

«በመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ አስገባታለሁ» የሚልም አለ። የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ነው። ወላጅ የሚቀበል ብርቅ ነው።

የጎብኚ ኢንሹራንስስ? እሱ ባጃጅ ነው። ሰፈር ውስጥ ያደርሳል። ዋናው አስፋልት ጋ ሲደርስ ግን «ውረዱ» ይላል። አስፋልቱ የቆየ ሕመም ነው፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ። ለሦስት ወር ጥየቃ ለመጣች እናት ከምንም ይሻላል። ለመኖር ለመጣች ግን ይህን ገዝቶ «ኢንሹራንስ አላት» ብሎ መተኛት አይገባኝም።

የሙያ ነገር ሆኖ ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም። በስደተኝነት (ሬፊውጂ) የገቡና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኙ ሰዎች የሜዲኬይዱን አምስት ዓመት አይጠብቁም ነበር። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይህን በር ያጠባል። ሁለተኛው የሜዲኬር ቀን ነው። አምስት ዓመቱ የሚሞላበትን ወር ጻፉት፤ ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ከሦስት ወር በላይ ካሳለፋችሁት ግን የሐኪሙ ክፍል ለዘገያችሁበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨምራል። «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃልም አለ። ያነሳሁት ለልጅ ሠርግ አገር ቤት ሄደው ዓመት የሚቆዩ፣ አምስት ዓመቱም ሊቋረጥባቸው የሚችል እናቶች ስላሉን ነው።

ወደ ቅዳሜዋ ልጅ ልመለስ። ልጅቷ እናቷን ታክሷ ላይ ታስገባቸዋለች፣ ገቢዋም ለድጎማው ይመጥናል። ቁጭ ብለን ሞላነው። እናትየው መሐል ላይ «ይሄ ሁሉ ወረቀት ለስኳር መድኃኒት ነው?» አሉኝ። ሽፋኑ የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። ያን ቀን ወሩ 22 ነበር። ልጅቷ ፌስታሉን ከፍታ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ያደርሳል።