የቤዝቦል መቺን በቁጥር መተንበይ፣ ከጎጃም ሆኖ ለሚያየው

ቤዝቦልን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ፒቸር የሚሉት ኳስ ይወረውራል፣ ባተር የሚሉት ደሞ በዱላ ይመታል፣ የገና ጨዋታ ያየ የጎጃም ሰው ዱላው ብዙም አይገርመው፣ የሚገርመው ቁጥሩ ነው። አሜሪካኖቹ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ምት በምት ሲመዘግቡ ነው የኖሩት። ትልቁ ሊግ 30 ክለብ አለው፣ እያንዳንዱ በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ ቋሚ ተሰላፊ መቺ በዓመት 600 ጊዜ ገደማ ለመምታት ይቆማል። ዳታው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስላለ ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከዳታ እያስተማሩ ማስተንበይ፣ ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም ባይ ነኝ፣ ጨዋታውን በአይኑ አይቶ ባያውቅም።

የድሮው መለኪያ ባቲንግ አቨሬጅ ነው፣ የተሳካውን ምት ለሙከራው ብዛት ታካፍላለህ አለቀ፣ 0.300 ያመጣ ጎበዝ ይባላል። ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ፒቸሩ አራት መጥፎ ኳስ ሲወረውር መቺው ሳይመታ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ሮጦ ሊደርስባቸው ከሚገቡት ጣቢያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ይሄዳል፣ ይሄን ዎክ ይሉታል፣ አቨሬጁ ግን አይቆጥረውም። ቴድ ዊሊያምስ የሚባለው ዝነኛ መቺ በፈረንጆቹ 1941 አቨሬጁ 0.406 ነበር፣ ዎኩ ሲገባ ግን 0.553፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ቤዝ ላይ ደርሷል። ሁለተኛ፣ ሆምራን (ኳሱን ከሜዳ አጥር የሚያሻግር ምት) እና ተራ ምት እኩል አንድ ተብለው ይቆጠራሉ፣ በሬና ጥጃ እኩል አንድ ራስ ከብት ናቸው እንደማለት ነው። ቶም ታንጎ የሚባል ተንታኝ ያመጣው ዎባ የሚሉት መለኪያ ይሄን ያስተካክላል፣ ዎክ 0.7 ገደማ፣ ተራ ምት 0.9 ገደማ፣ ሆምራን 2 ገደማ ክብደት ይሰጣቸዋል፣ ክብደቱም የሚወጣው እያንዳንዱ ነገር ቡድኑ ውጤት እንዲያገባ ምን ያህል እንደረዳ ተሰልቶ ነው። ይሄን ሁሉ የስሌት ስራ ሴበርሜትሪክስ ብሎ የሰየመው ቢል ጄምስ ሲሆን፣ ሲጀምር ካንሳስ ውስጥ የባቄላ ቆርቆሮ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነበር፣ የመጀመሪያ ስራውን በ1977 በራሱ ገንዘብ አሳተመ።

አሁን ወደ ትንበያው። ቢቸና ያለው አጎቴ መሬት በኮንትራት ሲይዝ የአንድ ዓመት ምርት አይቶ አይዝም፣ "ዘንድሮ ከጥማድ ስድስት ኩንታል ጤፍ ወጣ" ቢሉት "ዝናቡ ነው እንጂ መሬቱ መች ሆነና" ብሎ አፈሩን በእጁ ያፍሳል። ትንበያም እንደዛው ነው። ሆምራኑን ትተህ ሜዳ ውስጥ ከቀሩት ምቶች ስንቱ ሂት (የተሳካ ምት) ሆነ የሚለው ቁጥር ባቢፕ ይባላል፣ በሊጉ አማካዩ 0.300 አካባቢ ነው። አንድ ልጅ በአንድ ወር 0.400 ቢያመጣ አብዛኛው ዝናብ ነው ማለት ነው፣ ይመለሳል። ኤፍሮንና ሞሪስ የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች በ1970 የተጫወቱ 18 መቺዎችን የመጀመሪያ 45 ሙከራ ወስደው ሁሉንም ወደ አማካዩ ሳብ ሲያደርጓቸው ትንበያው በጣም ተሻለ። ከነሱ ውስጥ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ45ቱ 0.400 ነበረው፣ በቀረው ዓመት 0.346 ሆነ። ማርሴል የሚባለው ሞዴልም፣ የታንጎ ነው እሱም፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት 5፣ 4፣ 3 እያለ ይመዝናል፣ ከሊጉ አማካይ ይቀላቅላል፣ ዕድሜ ያይና ያበቃል። ስሙ የጦጣ ስም ነው፣ ጦጣም አታጣው ለማለት ነው፣ ግን ብዙ የተወሳሰበ ሞዴል እሱን በትንሹ ለመብለጥ ላቡን ያፈሳል።

አፈሩን ማፈሱ ደሞ በፈረንጆቹ 2015 ስታትካስት የሚባል መለኪያ መሣሪያ በሁሉም ስታዲየም ሲገባ ቀለለ። ኳሱ ከዱላው ሲወጣ ያለውን ፍጥነትና አንግል ይለካል፣ በሰዓት 153 ኪሎሜትርና ከዛ በላይ ከሆነ ሀርድ ሂት ይባላል። ኳሱ መሬት ሳይነካ ተይዞበት ባዶ እጁን የተመለሰ መቺም ኳሱን አንቀጥቅጦ መትቶት ከሆነ ቁጥሩ ይመሰክርለታል፣ ለዚህ ነው ሞዴል ውስጥ ከአቨሬጅ ይልቅ የምት ፍጥነት፣ የስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የመውጣት) መጠን፣ የዎክ መጠን የሚከተቱት፣ እነዚ ቶሎ ይረጋጋሉ፣ ባቢፕ ግን ዓመት ሙሉም አይበቃው።

እኔ የመጀመሪያውን ስሰራ ዳታውን ማስተማሪያና መፈተኛ ብዬ በዘፈቀደ ከፈልኩና የዛኑ ዓመት ስላጊንግ (ከዛው ሂት ተሰልቶ፣ ምቱ ስንት ቤዝ እንዳስገኘ የሚመዝን ቁጥር) አስገብቼ የዛኑ ዓመት አቨሬጅ አስተነበይኩ፣ ውጤቱ ከመጠን በላይ አማረ፣ ጓደኞቼን ማኪያቶ ጋበዝኩ፣ ማታ ሳየው ለካ መልሱን ራሱን ነው ያቀበልኩት። በዓመት ነው የሚከፈለው፣ እስከ አምና ያለውን አስተምረህ ዘንድሮን ትጠይቃለህ።

የሚረሳው ነገር ስታዲየሙ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ኳስ ሩቅ ይሄዳል፣ ስለዚህ የዛ ሜዳ ቁጥር ተቀናንሶ ነው ሞዴል ውስጥ የሚገባው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ደሞ ከ2,400 በላይ፣ እዛ ሜዳ ቢሰራ ይሄን ያላስተካከለ ሞዴል ተራውን ልጅ ሁሉ ቴድ ዊሊያምስ ነው ብሎ ይሸልመው ነበር።