«የአፈር ካርቦን ዕድሜ» ምንድን ነው?

«የዚህ ተራራ አፈር ካርቦን 3,000 ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ ዛሬ አፈር ውስጥ የምናስገባውም ካርቦን 3,000 ዓመት ይቆያል።» ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩት ቆጠራ ጠፍቶብኛል። የመጀመሪያው ሐረግ ልክ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ «ስለዚህ» ላይ ነው።

የአፈር ካርቦን ዕድሜ የሚለካው በካርቦን 14 ነው፤ ይህ ዕፅዋት ከአየር የሚወስዱት፣ ከሞቱ በኋላ እየፈረሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ነው። በ5,730 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው፣ ቤተ ሙከራው የሚሰጠን ቁጥር የድብልቅ አማካይ መሆኑ ነው።

ጎተራ አስቡ። ከላይ የዘንድሮ ገብስ አለ፤ የቤቱ እመቤት በየጊዜው ከዚያ እየሰፈረች ታስፈጫለች። ከሥር፣ ምርጊቱ ላይ ተጣብቆ የቀረ የአያት ዘመን ገብስ አለ፤ እጅ አይደርስበትም። ሁሉን ደባልቆ «አማካይ ዕድሜው 10 ዓመት ነው» የሚል ሰው አልዋሸም። ነገር ግን 10 ዓመት የሞላት አንዲት ፍሬ እንኳ ላትኖር ትችላለች፤ የዘንድሮውም እህል አብዛኛው በወፍጮና በነቀዝ ክረምቱ ሳይወጣ ያልቃል። በአፈር ውስጥ ነቀዞቹ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ምርጊቱ ብስባሹን አጥብቆ የሚይዘው ማዕድን ነው። የደጋው ብርድ ደግሞ የነቀዞቹን ጥርስ ያደነዝዛል። (ነቀዝ ጥርስ አለው ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን።)

በቁጥር እንየው። ከናሙናው ካርቦን 90 በመቶው የዘንድሮ ቅጠል፣ 10 በመቶው ካርቦን 14 ጨርሶ ያለቀበት ጥንታዊ ካርቦን ቢሆን፣ የኑክሌር ሙከራዎች በአየር ላይ የጨመሩትን ካርቦን 14 ለጊዜው ትተን፣ ውጤቱ 850 ዓመት ገደማ ይመጣል። 850 ዓመት የሆነው ካርቦን ግን የቱ ነው?

«በብርድ መበስበስ ይዘገያል» የሚለኝ አይጠፋም። ይዘገያል፤ በባሌ ተራሮች፣ ሰነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ፣ ቅጠል ለመበስበስ አይቸኩልም። ነገር ግን ተራራ ላይ አማካዩን የሚያስረጀው ብርድ ብቻ አይደለም። አስታ (የደጋው ቁጥቋጦ) ሲቃጠል የሚተወው ከሰል አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። ተዳፋት ላይ ጎርፍ የላይኛውን አፈር ጠርጎ ሲወስድ ደግሞ አሮጌው ይገለጣል፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጥልቀት ላይ የሚወሰደው ናሙና በአንድ ክረምት «ያረጃል»።

ሌላውን የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን 13ን፣ እንደ ሰዓት የሚጠቅሱትማ ይብሳሉ። እርሱ አይፈርስም፤ ሰዓት ሳይሆን ምልክት ነው። የካርቦን 13 ድርሻቸው ከተለመደው ማነጻጸሪያ ጋር ሲተያይ፣ የደን ዛፍ፣ ገብስና ስንዴ −27 በሺህ አካባቢ ናቸው፤ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ −13 አካባቢ። ደን ተመንጥሮ 20 ዓመት ጤፍ ከተዘራበት፣ ከደኑ ብስባሽ ምን ያህሉ በጤፍ እንደተተካ ከዚህ ልዩነት ይሰላል። ገብስ ከተዘራበት ግን ዘዴው ዕውር ነው፤ አዲሱም አሮጌውም አንድ ምልክት አላቸው። በዚያ ላይ ካርቦን 13 ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ያለ ምንም እርሻ ከ1 እስከ 3 በሺህ ከፍ ሊል ይችላል። ከጎኑ ካለ ያልተመነጠረ ደን፣ በእኩል ጥልቀት የተወሰደ ማነጻጸሪያ ናሙና የሌለውን ውጤት እኔ አልቀበልም።