የውሻ አንገት ገጣባ፦ የማሰሪያና የኤሌክትሮኒክ ኮላር ቁስል በጎጃም

ጎጃም ውስጥ «ገጣባ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የአህያና የበቅሎ ጀርባ ነው፤ ጭነት የላጠው፣ ዝንብ የሰፈረበት፣ ጌታው በድብዳብ ሊሸሽገው የሚሞክረው ቁስል። የውሻ አንገት ላይ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ በስም አይጠራም፤ «ገመድ በላው» ተብሎ ይታለፋል። በአፈጣጠራቸው ሁለቱ አንድ ናቸው። ጠንካራ ነገር ቆዳ ላይ ሳይነሣ ይውላል፣ ከሥሩ ላብና ዝናብ ይጠራቀማል፣ ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ችላ ከተባለ ይሞታል። በውጭ አገር ለአዳኝ ውሾች የሚታሰረው ኤሌክትሮኒክ የማሠልጠኛ ኮላር (የአንገት ማሰሪያ) የሚያመጣው ቁስልም መሣሪያው አዲስ ሆነ እንጂ ያው ገጣባ ነው።

ውሻውና ሥራው

የጎጃም የገጠር ውሻ እንጀራውን ሠርቶ የሚበላ ነው። ቀን ደጅ ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፣ ሌሊቱን ጅብና ሌባ ሲያባርር ያድራል። እህል በሚያሽትበት ወቅት ደግሞ ከጠባቂው ጋር ማሳ ይወርዳል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ ድንች የሚቆፍረው ጃርት፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ዝንጀሮና ከርከሮ የእሱ ድርሻ ናቸው። በሕግ መሠረት የዱር እንስሳ ማደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአካባቢው «አዳኝ» የሚባለው ውሻ በተግባር አባራሪ ነው ቢባል ይሻላል። ለአንገቱ ግን ልዩነት የለውም። አዳኙም አባራሪውም ቁጥቋጦ ሰንጥቀው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ የራሰ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ይዘው ይመለሳሉ።

ገመድ፣ ጠፍርና ሰንሰለት

ማሰሪያው የተገኘው ነገር ነው። የቃጫ ገመድ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይሻክራል። ናይሎን ገመድና ሲባጎ ርካሽና ጠንካራ ናቸው፤ ቀጭን በመሆናቸው ግን ውሻው በተወራጨ ቁጥር እንደ ቢላ ይገባሉ። ሰንሰለት ፀጉር ይነጫል፣ ሲዝግም ቆዳውን ይፍቃል። ከሁሉ የሚሻለው ሰፋ ያለ ጠፍር (የቆዳ ማሰሪያ) ነው፣ ያውም ቅባት እየጠጣ ለስልሶ ከቆየ። በዝናብ ርሶ በፀሐይ የደረቀ ጠፍር ግን እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ይኮማተራልም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ቡችላ ላይ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ወሩ አንገቱ ላይ ሲባጎ ይታሰርለታል። ቡችላው በየሳምንቱ ያድጋል፣ ሲባጎው እዚያው ነው። ፀጉር ስለሚሸፍነው ማንም አያየውም። በስድስት ወሩ አካባቢ ቤቱ ውስጥ መጥፎ ሽታ ይሰማል፣ ውሻው ራሱን ሲነኩት ያጉረመርማል፣ ፊቱ ሊያብጥም ይችላል። ፀጉሩ ሲገለጥ ገመዱ የለም፤ ቆዳው በላዩ በቅሎበት ሥጋ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ማሰሪያ ቤት ውስጥ ተስቦ አይወጣም። ትላልቅ የደም ሥሮችና የመተንፈሻ ቧንቧው ቅርብ ስለሆኑ ማደንዘዣ ያለው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። መከላከያው ግን የሕፃን ልጅ ሥራ ያህል ቀላል ነው፤ ቡችላው እያደገ እስካለ ድረስ በየሳምንቱ ሁለት ጣት በማሰሪያው ሥር አስገብቶ ማየት፣ አላስገባ ካለ ማላላት። የጎጃም እረኞች ይህን ለጥጃ ያደርጉታል፤ ለውሻ የማይደረገው ውሻ በእጅ የሚዳበስ እንስሳ ተደርጎ ስለማይቆጠር ይመስላል።

ኤሌክትሮኒክ ኮላር

ይህ መሣሪያ በጎጃም ብርቅ ነው። በአሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለአዳኝ ውሾች ማሠልጠኛ ሥራ ላይ ዋለ። በአንገት ማሰሪያ ላይ አንዲት ባትሪ ያላት ሣጥን አለች፤ ከሣጥኗ ወደ ቆዳው የሚወጡ ሁለት የብረት ጫፎች አሉ። አሠልጣኙ ከሩቅ ቁልፍ ሲጫን በሁለቱ ጫፎች መካከል አጭር የኤሌክትሪክ ንዝረት ያልፋል። ብዙዎቹ ድምፅ ብቻ ወይም እንደ ስልክ መንቀጥቀጥ ብቻ የሚሰጡበት አማራጭም አላቸው። ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላዋለች፤ ጀርመን፣ ኖርዌይና ስዊድንም አይፈቅዱም። ውሻን በሕመም ማስተማር ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ነው። እንደ ጸሐፊው እምነት ለማሳ ጠባቂ ውሻ ፉጨትና ቁራሽ እንጀራ ይበቁታል።

ውሻው አንገት ላይ ሁለት ክብ ቁስሎች ጎን ለጎን የተገኙ እንደሆነ ባለቤቱ ወዲያው «ኤሌክትሪክ አቃጠለው» ይላል። ሲታይ በእርግጥ ቃጠሎ ይመስላል። በደንብ በሚሠራ መሣሪያ ላይ ግን መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ግፊት ነው፤ ቁልፉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጫን፣ ባትሪውም ሞቶ ሳለ ቁስሉ ሊወጣ ይችላል። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት በግምት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከውጭ የሚጫነው ከዚህ በልጦ ለሰዓታት ከቆየ ደም ወደ ቦታው አይደርስም፣ ቆዳው በረሃብ ይሞታል። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ዳሌው ላይ የሚቆስለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰፊ ጠፍር ጫናውን ለአንገቱ ዙሪያ ሁሉ ያካፍላል፤ ሁለቱ የብረት ጫፎች ግን ሁሉንም በሁለት ነጥብ ላይ ያሳርፉታል፣ ያለ ድብዳብ እንደተጫነ ኮርቻ። የውሻ የላይኛው ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፤ የሰው ከ10 እስከ 15 የሕዋስ ንብርብር ሲኖረው የውሻ ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው።

አጥብቆ ማሰር ጥፋት ከሆነ ማላላት መድኃኒት ይመስላል። አይደለም። ላልቶ የሚወዛወዝ ኮላር ጫፎቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ቆዳውን ይፍቃሉ። ንዝረቱም አንዴ ደርሶ አንዴ ስለሚቀር አሠልጣኙ «አልሰማም» ብሎ ኃይሉን ይጨምራል። ልኩ በአንደኛው ጫፍ ሥር አንድ ጣት የሚያስገባ፣ ሣጥኗ ግን በራሷ የማትዞር ሲሆን ነው። ፀጉረ ብዙ ውሻ ከሆነ ረዘም ያለ ጫፍ ይገጠምለታል እንጂ ማሰሪያው አይጠብቅም።

ከልኩ ይልቅ የሚገድለው ሰዓቱ ነው። አምራቾች በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት በላይ እንዳይታሰር፣ በዚያም ውስጥ በየአንድና ሁለት ሰዓቱ ቦታው ፈቀቅ እንዲደረግ ያዛሉ። ማታ ማውለቅ ግድ ነው። የጎጃም ልማድ እዚህ ላይ ሳያውቀው ትክክል ነው፤ ውሻው ሲመሽ ይፈታል። ችግሩ የሚፈታው ከችካሉ እንጂ ከአንገቱ ማሰሪያ አለመሆኑ ነው። ሌላው ስሕተት በኤሌክትሮኒኩ ኮላር ላይ ገመድ አስሮ መጎተት ነው። ውሻው በተወጠረ ቁጥር ሁለቱ ጫፎች ሥጋ ውስጥ ይገባሉ። መጎተቻው ለብቻው በሌላ ሰፊ ማሰሪያ ይሁን።

ጥቂት ውሾች ያለ ግፊትም ይቆስላሉ። በማይዝገው ብረት ውስጥ ያለው ኒኬል ቆዳቸውን ያስቆጣዋል። ቲታኒየም ወይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ጫፍ ሲቀየርላቸው ይሻላቸዋል።

ክረምት

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ለማንኛውም ማሰሪያ ክፉ ነው። ከሥሩ ያለው ፀጉር ለቀናት አይደርቅም፣ ቆዳው እንደተነከረ ጣት ይነጫጫል፣ እዚያው ቆዳ ላይ በሰላም የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ፣ በተከፈተው በር ይገባሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ማሰሪያ በቀደደው ደግሞ ዝንብ ይገባል። ዝንቧ የጣለችው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። መዥገርና ቁንጫም ማሰሪያ ሥር መሸሸግ ይወዳሉ፤ ውሻው ሲያክ ቁስሉን ያሰፋዋል። ስለዚህ ከማሳ የተመለሰ ውሻ ማሰሪያው ይውለቅ፣ አንገቱ በጨርቅ ይድረቅ፣ ማሰሪያው ከእሳት ራቅ ብሎ ይሰቀል። አንገቱና የብረት ጫፎቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጉ። ሳሙና ተጠቅመው ሳያለቀልቁ መተው ራሱ ያሳክካል።

ቁስሉ ከወጣ በኋላ

የመጀመሪያው መድኃኒት ማሰሪያውን ማውለቅ ነው፤ ቁስሉ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ ማሰር አይጠቅምም። መታሰር ግድ የሆነበት ውሻ በደረቱ በኩል በሚያልፍ ማሰሪያ ይያዛል። ፀጉሩ በመቀስ ዙሪያውን ይቆረጣል፣ ቁስሉ በጨው ውሃ ይታጠባል። መጠኑ ለ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሳይሞላ ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ያቃጥላል። የተጣራ የጎጃም ማር በስሱ መቀባት ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ማር እርጥበቱን ይስባል፣ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። ስኳር የተቀላቀለበት የገበያ ማር ግን ዝንብ ከመጥራት ያለፈ ጥቅም የለውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ናፍታና የባትሪ ድንጋይ ዱቄት ዝንብ ያባርራሉ ተብለው በገጣባ ላይ ይደረጋሉ፤ ሦስቱም ሕያው ሥጋ ይጎዳሉ፣ የውሻ ቆዳም ይመጣቸዋል። ለሰው የሚታዘዝ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለውሻ መስጠት ሆዱንና ኩላሊቱን ሊያበላሽ ይችላል።

ቅላቱ በ48 ሰዓት ካልጠፋ፣ መግል ወይም ትል ከታየ፣ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ነው። የቆሰለ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። ከመነካቱ በፊት አፉ በነጠላ ቁራጭ ትንፋሹን በማያፍን ሁኔታ ይታሰር፤ ክሊኒክ ሲደርስም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ አብሮ ይጠየቅ።

ቁስሉ ሲሽር ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። በቅሎ ገዢ ገበያ ላይ ኮርቻ አስወርዶ በጀርባዋ ላይ ነጭ ጠቃጠቆ የሚፈልገው ስለዚህ ነው፤ የቀድሞው ጌታ እንዴት እንደጫናት እዚያ ተጽፏል። ጥቁር ወይም ቡላ ውሻ አንገቱ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለበት ካለበት ብዙዎች የተፈጥሮ ጌጥ ይመስላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሲባጎው የነበረበት ቦታ ነው።