የእጅና የእግር ደም ስር አፈጣጠር ችግር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዶክተር፣ አልትራሳውንዱ ይቅር፤ በቀጥታ ኤምአርአይ ይጻፉልኝ።» እጃቸው ወይም እግራቸው ላይ እብጠት ይዘው ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ልመና ነው። ውዱ ማሽን ሁሉን ያያል ብለው ያስባሉ። በጣም ታክቶኛል፤ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነውና።

እብጠቱ ከደም ስር አፈጣጠር ችግር (ደም ስሮቹ ገና በጽንስ ሳሉ በትክክል ባለመሠራታቸው) የመጣ ከሆነ ቀዳሚው ጥያቄ አንድ ነው፦ ደሙ በፍጥነት ይፈሳል ወይስ በዝግታ? ህክምናው የሚለየው በዚህ ነው። ችግሩ ደም መልስ ላይ ብቻ ከሆነ ደሙ ዝግ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያኮማትር መድኃኒት በመርፌ ይሰጠዋል። ደም ቅዳና ደም መልስ በቀጥታ ከተገናኙ ግን ደሙ ይንደረደራል፤ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ግንኙነቱን መዝጋት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ያለ ምንም ጨረር የሚለየው የደምን ፍሰት የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ነው። ኤምአርአይ ቀጥሎ ይመጣል። ችግሩ ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ የት ድረስ እንደዘለቀ በማሳየት ወደር የለውም።

አንድ ወጣት ለክንዱ እብጠት ኤምአርአይ ተነስቶ መጣ። ዘገባው «ዕጢ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ ናሙና እንዲወሰድለትም ተቀጥሯል። በዶፕለር ሳየው ደም መልሱ ልክ እንደ ደም ቅዳ ይመታል። እዚያ መርፌ ቢገባ ኖሮ ብዙ ሊደማ ይችል ነበር። ናሙናው ተሰረዘ። በደም ስሮቹ መሃል ጠጣር ስጋ አይቼ ቢሆን ኖሮ ግን ናሙና ይወሰድ የምለው እኔው ነበርኩ።

አልትራሳውንድም በጥድፊያ ከተሠራ ያሳስታል። መሣሪያው ቆዳው ላይ በኃይል ከተጫነ ዝግተኛው ደም ተጨምቆ ይጠፋል። እግር ሲሆን ታካሚው ቆሞም መታየት አለበት፤ ማሽኑም ለዝግተኛ ፍሰት ይስተካከል። ይህን ባለሙያውን መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አመለካከቶች በአጭሩ።

«ሲወለድ አልነበረም፤ ስለዚህ የአፈጣጠር አይደለም።» ተደብቆ ቆይቶ በጉርምስና ወይም በእርግዝና ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

«ሄማንጂዮማ ነው፣ ሲያድግ ይጠፋል።» የሕፃናት ሄማንጂዮማ የደም ስር ዕጢ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አድጎ ቀስ በቀስ ይከስማል። የአፈጣጠር ችግር ግን ከልጁ ጋር ያድጋል። ሙሊከን እና ግሎዋኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን የለዩት በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ሪፈር ወረቀት ላይ ሁሉም «ሄማንጂዮማ» ተብሎ ሲጻፍ ያናድደኛል።

«ራጅ ምንም አያሳይም።» እብጠቱ ውስጥ ትናንሽ ክብ ጠጠሮች ከታዩ የደም መልስ ችግር ጥሩ ጠቋሚ ናቸው።

«አንጂዮግራፊ የግድ ነው።» ይህ ደም ስር ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ በራጅ የሚነሳ ምርመራ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ፈጣኑን ዓይነት ለማከም ሲታሰብ ነው።

ስትመጡ የድሮውን ምርመራ ሲዲ ይዛችሁ ኑ፤ የዘገባው ወረቀት ብቻውን አይበቃም።