ኦልጎይ ኾርኾይ ምንድን ነው?

ኦልጎይ ኾርኾይ በደቡብ ሞንጎሊያ፣ በጎቢ በረሃ አሸዋ ውስጥ ይኖራል ተብሎ የሚነገርለት የአፈ ታሪክ ፍጡር ነው። በሞንጎልኛ «ኦልጎይ» አንጀት፣ «ኾርኾይ» ደግሞ ትል ማለት ነው፤ ስሙም የወጣለት ወፍራምና ቀይ ገላው በደም የተሞላ የከብት አንጀት ይመስላል ስለሚባል ነው። ከሞንጎሊያ ውጭ ግን በይበልጥ የሚታወቀው «የሞንጎሊያ የሞት ትል» በሚለው መጠሪያ ነው። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ታሪኩን እየመራ፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ እየወከሉና ዳይስ እየጣሉ ወደሚጫወቷቸው የምናብ ጨዋታዎች የገባውም በዚሁ መጠሪያ ነው።

አርብቶ አደሮች እንደሚያወሩት ትሉ እግርም ሆነ ዐይን የለውም፤ የትኛው ጫፉ ራስ፣ የትኛው ጭራ እንደሆነም አይለይም። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይኖርና ሙቀቱ በሚበረታባቸው በሰኔና በሐምሌ፣ በተለይም ዝናብ ምድሩን ካረጠበ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። የነካው ሰው ወዲያውኑ ይሞታል ይባላል። መርዙን ከርቀት ይተፋል፣ እንደ መብረቅ ባለ ኃይልም ሳይነካ ይገድላል የሚሉም አሉ። ቢጫ ቀለም ይስበዋል የሚል ወሬም አብሮ ይነገራል።

ትሉን ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው አሳሽ ሮይ ቻፕማን አንድሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ለቅሪተ አካል ፍለጋ ፈቃድ ሊጠይቅ ከሞንጎሊያ መንግሥት ባለሥልጣናት ጋር በተቀመጠበት ጊዜ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢቻለው ከዚህ ፍጡር አንዱን ይዞ እንዲያመጣላቸው ጠየቁት። ቋሊማ የሚመስል፣ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ እንስሳ እንደሆነ በዝርዝር ነገሩት፤ ከተሰበሰቡት መካከል ግን በዐይኑ ያየው አንድም ሰው አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይቶት በሕይወት የተረፈ ሰው እንደሚያውቁ ሲናገሩ፣ አንድ ሚኒስትር ደግሞ የሟች ሚስቱ እህት የአጎት ልጅ እንዳየው አከለ። አንድሩስም በረዥም የብረት መቆንጠጫ እንደሚይዘውና ማየቱ ብቻ እንዳይጎዳው ጥቁር መነጽር እንደሚያደርግ ቃል ገባ። ጉዞው በኋላ የዳይኖሰር እንቁላሎችን ቢያገኝም ትሉን አላገኘም፤ ከእርሱ በኋላ የፈለጉትም ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ከሥነ ሕይወት አንጻር ሲታይ፣ ቆዳው እርጥበት የሚሻ እውነተኛ ትል በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ ከአፈ ታሪኩ ጀርባ እውነተኛ እንስሳ ካለ እግር አልባ ተሳቢ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የታታር የአሸዋ ዘንዶ ኦልጎይ ኾርኾይን አይተናል ለሚሉ የአካባቢው ሰዎች ሲቀርብላቸው፣ ያየነው ይህንኑ ነው ማለታቸው ተመዝግቧል። ይህ እባብ መርዝ የለውም፤ ጭራው ድልዱም ስለሆነ ግን ሁለት ራስ ያለው ይመስላል፣ አሸዋ ውስጥም ይቀበራል። ለእኔ ከሁሉም ይልቅ አሳማኝ ሆኖ የሚታየኝ ማብራሪያ ይህ ነው።

ወደ ጨዋታው ስንመለስ፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ኦልጎይ ኾርኾይን ከሌሎች ግዙፍ የአሸዋ ትሎች ጋር ማምታታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በታተመው፣ ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የምናብ ጨዋታ ውስጥ የተካተተው ሐምራዊ ትል፣ ለምሳሌ፣ ሰውን በቁሙ የሚውጥ ግዙፍ አውሬ ነው። የጎቢው ትል የሚያስፈራው ግን በትልቅነቱ አይደለም፤ ከክንድ ብዙም የማይረዝም ሆኖ ሳለ ሳይነካ ስለሚገድልና አይቶት የተረፈ ሰው ሁልጊዜ «የእገሌ ዘመድ» ስለሆነ ነው። ሃያ ሜትር አድርጎ ያሳደገው የጨዋታ መሪ ስሙን ይዞ ፍጡሩን ጥሏል ብዬ አምናለሁ። እንዲሁም መኖሪያው ጎቢ ነውና፣ ግመል በሚነዱ፣ በክብ የሱፍ ድንኳን ውስጥ እንግዳን በወተት ሻይ በሚቀበሉ አርብቶ አደሮች መካከል ሲቀመጥ እንጂ ከየትኛውም በረሃ ሲለጠፍ ሕይወት አይኖረውም።

እኔ ብመራው ኖሮ፣ ለትሉ የመሬት ንዝረትን ከሩቅ የመስማት ችሎታ እሰጠውና ዓለት ላይ የሚራመድን እንዳይሰማ፣ አሸዋ ላይ የሚሮጥን ግን ፈጥኖ እንዲያገኝ አደርግ ነበር። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ተጫዋቾቹ ከሰይፋቸው ይልቅ እግራቸው የሚያርፍበትን መሬት እንዲያስቡ ያስገድዳቸዋል። የመጀመሪያው ምልክትም ትሉ ራሱ አይሆንም፤ ቁስል የሌለበት፣ ልጓሙ እንኳ ያልተፈታ፣ ከነጭነቱ የሞተ ግመል ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ እረኛ ይመጣሉ፤ እርሳቸው አላዩትም፤ ያየው የወንድማቸው አማች ነው። ግመሉን ከሩቅ ካዩት በኋላ ግን ወደ ተጫዋቾቹ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ ከመካከላችሁ ቢጫ የለበሰ አለ?